ኤር ፍራየሩን ለድንች ብቻ አትተዉት

በየቴሌግራም ገበያውና በየቲክቶኩ ኤር ፍራየር ሲሸጥ የሚታየው ያው ድንችና የዶሮ ክንፍ ነው። ሻጩ "ያለ ዘይት ይጠብሳል" ይላል፤ ገዢውም ለዚሁ ብሎ ይገዛዋል። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። እኔ ግን ይህ ዕቃ ለእኛ ቤት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለዳቦ ነው ባይ ነኝ።

አብዛኞቻችን ቤት ኦቭን የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምጣድና ስቶቭ ይኖራል፤ ድፎ ዳቦ ግን ከላይም ከታችም እሳት ይፈልጋል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ፍም የሚያቀጣጥል የለም። ስለዚህ የዘወትሩ ዳቦ ከሱቅ ይመጣል፣ የበዓሉ ድፎ በትዕዛዝ ይሠራል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ ያስተዋወቀው ኤር ፍራየር ውስጡ ሲታይ ከላይ የሚግል ሽቦና ማራገቢያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ነፋስ የሚነፍስበት ትንሽ ኦቭን በብዙ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ድንች ብቻ እየጠበሰ ነው።

ዳቦውን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ያ ነፋስ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይጨርስ ላዩ ይደርቃል፤ ከዚያ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔውን ግን እናቶቻችን ድሮም ያውቁታል። ድፎ በኮባ የሚጠቀለለው ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፣ ላዩ ቶሎ እንዳይደርቅም ይከላከላል። እዚህም ሥራው ያው ነው፦ ኮባ ከተገኘ በኮባ፣ ካልተገኘ በፎይል መሸፈን። ፎይሉ ግን ጠርዙ ከሥር በደንብ ይታጠፍ፤ አለዚያ ማራገቢያው ያነሣውና ከጋለው ሽቦ ጋር ያገናኘዋል። የመጋገሪያ ወረቀት ደግሞ ላዩ ላይ ምንም ሳይኖር ባዶውን አይግባ፣ እሳት ይይዛል።

መጀመር ያለብን በሙልሙል ይመስለኛል። ድፎ ትልቅ ነው፣ ለዚህ ቅርጫት አይመችም፤ ሙልሙል ግን በልኩ ነው። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቆንጠር የተደረገ ጥቁር አዝሙድ፣ ከ300 ሚሊ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ለብ ያለ ውኃ። ሊጡ ኩፍ ሲል ስምንት ቦታ ተድቦልቡሎ ጥቂት ያርፋል። ከዚያ በ160 ዲግሪ ተሸፍኖ አሥር ደቂቃ፣ ተገልጦ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በመጨረሻ ተገልብጦ ሥሩ እስኪቀላ። እሳቱ ከላይ ብቻ ስለሆነ መገልበጡ አይቀርም። ሥሩን በጣት ሲመቱት ባዶ ነገር እንደመታ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ዛሬ በብዙ የከተማ ደጃፍ የሚሰጣቸው ብር ነው። ልጆቹ ብሩን አይጠሉትም፤ ግን ነሐሴ 13 ላይ ትኩስ ሙልሙል የሚሰጥ ቤት በየብሎኩ አንድ እንኳ ቢገኝ ደስታዬ ትልቅ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እያለ ደግሞ የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

የውጭ የአሠራር ቪዲዮ እያዩ የሚጋግሩ ሰዎች "እንዳለው አደረግሁ፣ አልሆነም" ሲሉ እሰማለሁ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ካልተጠበቀም አልፎ ይተኛል። ስለዚህ እርሾውን መቀነስ፣ ሰዓት ከማየት ይልቅ ሊጡን ማየት ይሻላል። የዳቦው ውስጥ 96 ዲግሪ ይድረስ የሚል መመሪያም እዚህ አይሠራም፤ ውኃው ቀድሞ ይፈላል።

የመብራቱ ነገር አያስፈራም። የተለመደው ኤር ፍራየር 1,500 ዋት ገደማ ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዋት ይበልጣል። ሃያ ደቂቃ ቢሠራ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አያልፍም። ብቻ ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰካ። ከአሜሪካ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ፤ የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከዱባይ የመጣው ይህ ችግር የለበትም።

ሌላውም ምግብ ይሞከር። ሳምቡሳ በብሩሽ ዘይት ተቀብቶ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለጾም ዓሣም፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራም ያምራል። በቀጭን ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ነገር ግን አይሆንም፣ ሊጡ ሳይዝ ይንጠባጠባል።

በአማርኛ የአሠራር ቪዲዮ ለምትሠሩ አንድ ልመና አለኝ። "ትንሽ እርሾ፣ በቂ ውኃ" አትበሉን፤ ግራሙን ንገሩን፣ የዱቄቱን ዓይነት ንገሩን፣ የቅርጫቱን ስፋት ንገሩን፣ የምትጋግሩበትንም ከተማ ጥቀሱ። አዳማ የተሠራ ሊጥና ደብረ ብርሃን የተሠራ ሊጥ እኩል ሰዓት አይፈልጉም።