ፈሩ ለምን ቁልቁል ይወርዳል?

ከውጭ የመጣ ሰው ከጅማ ወጣ ብሎ ዴዶ ዳገት ላይ ቁልቁል የታረሰ ማሳ ሲያይ «አግድም ማረስ እንኳ አያውቁም» ይላል። ችኩል ፍርድ ነው። ምክንያቱ ያለው ማረሻው ላይ ነው።

የእኛ ማረሻ አፈር አይገለብጥም። ብረቱ ይሰነጥቃል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ድግሮች (የእንጨት ክንፎቹ) አፈሩን ወደ ጎን ይገፋሉ። ፈሩ ታቹ ጠባብ፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ በሁለት ፈር መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ያንን ለማግኘት ቀጣዩ ዙር የፊተኛውን አቋርጦ መሄድ አለበት። አንዱ አግድም ከሆነ ሌላው ቁልቁል ነው፤ ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ይታረስለታል። መፍትሔው «አቋርጠህ አትረስ» ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ዙር አግድም እንዲሆን ማድረግ ነው። ቁልቁል የቀረ ፈር ክረምት ሲገባ ለጎርፍ የተዘጋጀ መንገድ ነው።

እንግሊዝ አገር በትራክተር የሚጎተተው ገልባጭ ማረሻ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ በአንድ ዙር ይጨርሳል፤ ማቋረጥ አያሻውም። እሱም ግን ጣጣ አለው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ ማሳው መሃል ባዶ ቦይ ይተዋል፤ ለዚህ ነው ሁለት ወገን የሚገለባበጥ ማረሻ የተሠራው። በመካከለኛው እንግሊዝ የግጦሽ መስኮች ላይ ዛሬም የሚታየው ሞገድ መሳይ መሬት፣ በመካከለኛው ዘመን አፈሩ ዘወትር ወደ መሃል ሲገለበጥ የተከመረ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ሜዳቸውን አገላብጠው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አቧራ ሆኖባቸዋል፤ ዛሬ ብዙ ገበሬዎቻቸው ጭራሽ ሳያርሱ ይዘራሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው በማረሻ ላይ ለመሳቅ ባይቸኩል ጥሩ ነው።

የሚያስወቅስ ነገር ካለ ውሃ ማስወገጃ ቦዩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በዓይን ግምት ይወጣል፤ ዳገቱ ሲበዛበት በሁለት ክረምት ገደል ይሆናል። በ10 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። ለመለካት ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎና ሲባጎው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ባለ አረፋ ውሃ ልክ ያስፈልጋል። ሲባጎው ውሃው በሚወርድበት በኩል ባለው እንጨት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ አረፋው መሃል እስኪገባ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፤ የቆመበት ይቸከላል። ውሃ ልኩ ከሲባጎው እኩሌታ ፈቀቅ ካለ ወይም ሲባጎው ከረገበ ልኩ ይሳሳታል። መውጫው ሣር የለበሰ ቦታ ላይ ይሁን፤ ቬቲቨር የተባለው ሥሩ ጠላቂ ሣር ቢተከልበት ይመረጣል። የጎረቤት ማሳ ላይ ከተለቀቀ ግን ጉዳዩ ከአፈር ወደ ሽማግሌ ይሄዳል።