አለማመን ሊቅ አያደርግም

የጅማ ልጆች፣ ይልቁንም ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የወጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ፈጣሪ የለም በማለታችሁ አልወቅሳችሁም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 የማሰብንና የሕሊናን ነጻነት ከሃይማኖት ነጻነት ጋር አብሮ ደንግጓልና ማመኑም አለማመኑም የራሳችሁ ነው። የምወቅሳችሁ አለማመናችሁን እንደ ካባ ደርባችሁ የሚጸልየውን ሁሉ አእምሮው እንዳልበሰለ ሰው ስለምታዩት ነው።

በቀደም ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ፣ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ሲኒ ልትቀዳ «ቢስሚላሂ» ስትል፣ ከጎኔ የነበረ ወጣት «ይህች አገር ከዚህ ካልወጣች አታድግም» ብሎ ለጓደኛው ሳቀ። እርሷ ሰምታለች፤ ረከቦቱን በጨርቅ እየወለወለች ቀና ሳትል ቀረች። ልንነሣ ስንል ግን ማን ሁለት፣ ማን ሦስት እንደ ጠጣ ሳትጽፍ የሰባታችንን ሒሳብ በቃሏ ይዛ፣ ወጣቱ በስልኩ ደምሮ ሳይጨርስ መልሱን አስጨበጠችው። ሒሳብ መቻሏ የፈጣሪን መኖር አያስረዳም፤ አላዋቂ ናት የተባለችው ግን እርሷ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1979 አብዱስ ሰላምና ስቲቨን ዋይንበርግ ከሼልደን ግላሾው ጋር የፊዚክስ ኖቤልን የተካፈሉት የኤሌክትሮማግኔት ኃይልና ደካማው የኑክሌር ኃይል ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ በማሳየታቸው ነው። አብዱስ ሰላም በሽልማቱ ግብዣ ላይ ቁርአን የጠቀሰ ሙስሊም ነበር፤ ዋይንበርግ ሃይማኖትን በይፋ የሚተች ኢአማኒ። ቀመራቸውን ብቻ ተመልክቶ የትኛው ይሰግድ እንደነበር ለይቶ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ሲታይ ተክላችንን ያተረፉት በደናችን መካከል በሽታውን ተቋቁመው የቆሙ ዛፎች ናቸው። ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጡት በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች፣ 74110 እና 74112፣ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተመረጡ ነው። ችግኙን አንዱ ገበሬ ዱዓ አድርጎ፣ ሌላው አማትቦ ተከለው፤ ጸሎቱም የጠቆረውን ፍሬ ከጤነኛው ለይቶ ከማየት አላገደውም።

ይህን እያነበባችሁ ፈገግ ያላችሁ አማኞች ደግሞ፣ ለእናንተም አለኝ። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን የዳዊት ቃል የጠያቂ ልጅ አፍ መዝጊያ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ዝቅ ብላችሁ ብታነቡት እኮ ወቀሳው የሚያርፈው ሕዝቡን እንደ እንጀራ በሚበሉ ግፈኞች ላይ ነው፤ ከእነዚያም መካከል በየሳምንቱ ፊት ወንበር የሚቀመጡ አይጠፉም። ልጁ «ለምን?» ባለ ቁጥር «ካደ» እያላችሁ ከማዕድ ስታርቁት፣ ንቀትን መጀመሪያ ከማን ተማረ? እኔም ብሆን የእኅቴ ልጅ ስለ ጾም ሲጠይቀኝ «ዝም ብለህ ጹም» ብዬ አባርሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፣ ክርክር ካላችሁ ክርክሩን አምጡት። ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሲሞት ቸር የተባለው ፈጣሪ የት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ ከባድ ጥያቄ ጠይቃችኋል፤ ኢዮብም ልጆቹን ቀብሮ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ ፈጣሪውን ሞግቶታል። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር እስኪመሽ ተከራከሩ፤ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ፣ እዚያችው ሴትዮ ዘንድ።