የራሳችንን ካሜራ ለማየት የማንን ደጅ እንጥና?

ዛሬ ለዘብ ያለ ጽሑፍ አትጠብቁ፤ አንጀቴ አሯል።

ለገሃር አካባቢ የአንድ የንግድ ሕንፃ አስተዳዳሪ ነኝ። የአሳንሰር ብልሽቱን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የጄኔሬተር ናፍጣውን፣ የተከራይ ጭቅጭቁን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩትና የማልለምደው ነገር ቢኖር የደኅንነት ካሜራችን ሶፍትዌር ነው። ሕንፃው ላይ 16 ካሜራዎች አሉ። ካሜራዎቹ የእኛ ናቸው፤ ገመዱም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሃርድ ዲስኩም የእኛ ነው። ምስሉን ሰብስቦ የሚቀዳውና የሚያሳየው ሶፍትዌር ግን የእኛ አይደለም። እኛ የገዛነው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ እሱም በካሜራ ይቆጠራል። 16 ካሜራ ያለው 16 ፈቃድ ይገዛል። የጓሮውን ደረጃ የሚጠብቅ 17ኛ ካሜራ ልጨምር ያለ ሰው ካሜራውን መግዛቱ ብቻ አይበቃውም፤ እንዲታይ የሚፈቅድለትንም ይገዛል።

ይሁን። ሶፍትዌር የሰው ላብ ነው፤ በነፃ ስጡኝ የሚል አፍ የለኝም። ከፍለናል፤ ቫት የታሰበበት ደረሰኝ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የእኔ ብሶት ሌላ ነው። ያ ፈቃድ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ሲሸጡልን የነገረን አልነበረም።

ለሕንፃው አይደለም። ለእኔም አይደለም። የተሰጠው ለኮምፒውተሩ ገላ ነው። ሶፍትዌሩ ሲጫን የማዘርቦርዱን (ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ)፣ የኔትወርክ ካርዱንና የሃርድ ዲስኩን መለያ ቁጥሮች ወስዶ አንድ መታወቂያ ይሠራል፤ ፈቃዱ የሚታሰረው በዚያ መታወቂያ ነው። ይህን ያሰበው ሰው መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጦ ነው ያሰበው። እዚህ መሀል ከተማ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ታውቁታላችሁ። ስታቢላይዘር አለን፤ ያም ሆኖ አንድ ምሽት ጉልበቱን ሁሉ ይዞ ተመለሰና ማዘርቦርዱን አቃጠለው።

በማግስቱ በአዲስ ተቀየረ። ሃርድ ዲስኩ ደኅና ነው፤ የተቀዳው ሁሉ በቦታው አለ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ሶፍትዌሩ ተከፈተ፣ 16 ጥቁር አራት ማዕዘኖች ተደረደሩ። ከላይ በቀይ ፊደል፣ ይህ ፈቃድ ለሌላ ኮምፒውተር የተሰጠ ነው ይላል። ለሌላ ኮምፒውተር! ያው ሳጥን፣ ያው ስክሪን፣ ጥበቃው ሻይ የደፋበት ያው የቁልፍ ሰሌዳ። የቤትህ ቆርቆሮ ስለተቀየረ የይዞታ ካርታህ ከእንግዲህ አይሠራም እንደ ማለት ነው።

ወደ ሸጠልን ድርጅት ደወልን። ገና ስንስማማ በቀን ሁለቴ ይደውሉልን የነበሩ ሰዎች አሁን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ የተገኘው መልስ ይኸው፦ ፈቃዱ ወደ አዲሱ ማዘርቦርድ ሊዛወር ይችላል፤ ዝውውሩን የሚያጸድቀው ግን ውጭ አገር ያለው አምራች ነው፤ አምራቹ ደግሞ የሚያነጋግረው ፈቃዱ በተመዘገበበት ኢሜይል የሚጽፍለትን ሰው ብቻ ነው። መልካም፤ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? በገጣጠመው ልጅ የግል ኢሜይል። ልጁስ? ሥራ ለቆ ከአገር ወጥቷል። በሕንፃው ገንዘብ ተገዝቶ፣ በሕንፃው ስም ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ ባለቤቱ የአንድ የማላውቀው ወጣት የመልእክት ሣጥን ሆኖ ተገኘ። አምራቹን በዚህ አልወቅሰውም፤ የእኔ ነው ላለው ሁሉ ቢያዛውር ሌባ ነበር የሚያስተናግደው። የምወቅሰው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ቢሮ ከፍቶ፣ ደንበኛውን በራሱ ስም ማስመዝገብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ያላደረገውን አቅራቢ ነው። አለማድረጉም ዝም ብሎ ስንፍና አይመስለኝም። ፈቃዱ በእጁ እስካለ ድረስ ወደ ሌላ የት እንሄዳለን?

ቀጥሎ የመጣው ምክር አዲስ ብትገዙ ይሻላል የሚል ነው። ዋጋው በዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያው ዕቃ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፕሮፎርማ ላኩልን፤ ግርጌው ላይ ዋጋው የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አለበት። የሕንፃው ባለቤቶች ለመሰብሰብ ብቻ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በቀጥታ ከአምራቹ ልግዛ ብል የክፍያ ገጹ የብር ሒሳባችንን ካርድ አይቀበልም። አንድ ተከራያችን ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይክፈልላችሁ ብሎኛል፤ ቸርነቱን እግዜር ይስጠው፤ ግን አስቡት፣ ሕንፃው ለገሃር፣ ፈቃዱ በሜሪላንድ ሰው ስም።

አሁን ወደሚያስቀውም ወደሚያስለቅሰውም ልምጣ። በአቅራቢው ጊዜያዊ ፈቃድ እየሠራን ሳለ ምድር ቤት ያለ የጫማ ሱቅ በሌሊት ተሰበረ። ባለሱቋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። "ልጄ፣ ያ ሁሉ ካሜራ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?" አሉኝ። ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ደብዳቤ ድርጊቱ የተፈጸመው ጥቅምት 5 ለ6 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው ይላል። ትክክል ነው፤ ማንኛችንም የምንለው እንዲሁ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ያ ሰዓት ኦክቶበር 16፣ 2፡00 ነው። እሱ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ። ተረኛው ጥበቃ ኦክቶበር 15 ላይ ከፍቶ ቢፈልግ አንዲት ድመት ኮሪደሩን ስታቋርጥ አገኘ፤ የቀደመው ሌሊት ነበር። ቀኑን አንድ ወደ ፊት ሲያደርገው ሌባው ከነመፍቻው ብቅ አለ። ይህን ልዩነት ስንኖርበት ኖረናል፤ ለእኛ ችግር አይደለም።

ችግር የሆነው የርቀት ድጋፍ ሰጪው ነው። ምስሉ በፋይል አልወጣ ስላለን ጠራነው። በኢንተርኔት ኮምፒውተራችን ውስጥ ገባ፤ ደብዳቤውን ተረጎምንለት። ወረቀቱ ላይ 8 ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ 2፡00። ይህን እንዳየ ሰዓታችሁ በ6 ሰዓት ተዛብቷል፣ የችግሩ ምንጭ እሱ ነው አለና ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው ብለን ማስረዳት ስንጀምር ጉዳያችሁ ተፈትቷል፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክታችኋል የሚል ኢሜይል ደረሰን። በማግስቱ የአቅራቢው ባለሙያ መጥቶ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰ። ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ ሶፍትዌሩ ምን ያስባል? የጊዜያዊ ፈቃዱን ዕድሜ ሊያራዝም የሚያጭበረብር ሰው መጣ ብሎ ያስባል። ቆለፈ። ደግነቱ ጥበቃችን ብልህ ነው፤ ከመቆለፉ በፊት ስክሪኑን በእጅ ስልኩ ቀርጾት ነበር። የዚያ ሁሉ ዶላር ውጤት ሆኖ ለፖሊስ የቀረበው ያ የሚንቀጠቀጥ፣ ጥግ ላይ የጥበቃው አውራ ጣት የሚታይበት ምስል ነው።

ፈቃድ እንዳይጠይቅ ተደርጎ የተሰበረውን የሶፍትዌሩን ቅጂ ለምን አታስጭንም የሚሉኝ አሉ። አመሰግናለሁ፤ የሕንፃውን መግቢያና መውጫ ሁሉ በሚያይ ኮምፒውተር ላይ ማን እንደነካካው የማላውቀውን ነገር አልጭንም።

ሌላ ሶፍትዌር ቀይር ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ኦንቪፍ የሚባል ስምምነት አለ፤ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ የካሜራ አምራቾቹ አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ የጀመሩት፣ የአንዱ ካሜራ ከሌላው ሶፍትዌር ጋር እንዲግባባ የታሰበ። ሞከርነው፤ ምስሉ መጣ። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ የሚለው ምልክት ግን ከብዙዎቹ ካሜራዎች አልመጣም፤ ስለዚህ ቀን ከሌት ባዶ ኮሪደር ይቀዳል። ምስሉን በግማሽ ያህል የሚያሳንሰውን ኤች 265 የሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ አዲሱ ሶፍትዌር ስላላነበበው ወደ ቀዳሚው ኤች 264 መመለስ ግድ ሆነ፤ አሁን እያንዳንዱ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ይልካል። አባዙት፦ አንዱ በቀን 43 ጊጋባይት፣ 16ቱ 690 ገደማ። 4 ቴራባይቱ ዲስክ በ6ኛው ቀን የቆየውን መደምሰስ ይጀምራል። ተከራይ ደግሞ ዕቃ መጉደሉን የሚያውቀው የወር ሒሳብ ሲሠራ ነው። የካሜራውን ገጽ በቀጥታ ልክፈት ብል ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይጠቀሙ ይለኛል፤ ማይክሮሶፍት ሰኔ 2014 ላይ ያሰናበተውን!

እና የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። ፈቃዱን በሕንፃው ኢሜይል የሚያስመዘግብ፣ ማዘርቦርድ ሲቃጠል ዝውውሩን ማን በስንት ቀን እንደሚያስፈጽም ውሉ ላይ የሚጽፍ አቅራቢ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባለው ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አጥፍታችሁ አብሩት የምትሉኝ ግን አትድከሙ፤ እሱን መብራቱ ራሱ በየቀኑ ያደርግልናል።