ትኬቱ አልቋል አሉኝ

ትናንት ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። የበዓል አውቶቡስ ትኬት በኦንላይን ይለቀቃል ተብሎ። ተለቀቀ። ነካሁት። «አልቋል!» አፍታም አልቆየ፣ ያው ትኬት ቴሌግራም ላይ በሦስት እጥፍ ብቅ አለ። ማን ቀደመኝ? መንፈስ? ሻጩን ደረሰኝ ስጠኝ ስለው የሳቅ ኢሞጂ ላከልኝ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅማ አለን፤ ቁጥር 813/2006። ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ ይላል። ታዲያ ቴሌግራም ላይ ማን ይለጥፍልኝ? የመናኸሪያው ደላላ እንኳ ፊቱ ይታወቅ ነበር፤ ተከራክረህ ሃምሳ ብር ታስቀንሰዋለህ። ይሄኛው ብሬን ተቀብሎ ብሎክ አደረገኝ።

እናቴ ደሴ ላይ ዶሮውን ሠርታ ትጠብቃለች። እኔ የትኬት ስክሪንሾት ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ወንበር ቁጥር 14። በመስኮት በኩል ነው አሉ።