ለሁለት ሳምንት የሚነቃ ቪላ

ቤት የሚሠራው ለመኖሪያ ነው ያለው ማን ነው? ይኼ የድሃ አስተሳሰብ ነው። ትምህርቱን ከናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኢግቦ አገር እንውሰድ። እዚያ ቤት የሚሠራው ለገና ነው።

ከአውካ እስከ ንኔዊ፣ ከኦዌሪ እስከ ኡሙአሂያ መንደር ለመንደር ብትዞሩ ዓይናችሁን አታምኑም። ካሳቫ ማሳ መሃል ሦስት ፎቅ ቆሟል። ዓምዱ ቤተ መንግሥት ያስንቃል። በሩ ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች ተቀምጠው ቀይ አቧራ ይቅማሉ። ሳሎን ያለው ሶፋ ከሱቅ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈለትም። ከኋላ፣ ከውሃ ታንከሩ ጥግ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለች። ግቢውን የሚጠብቀው የአጎት ልጅ የሚያድረው እዚያ ነው። በዓመት 50 ሳምንት ሰው የሚተነፍሰው በእሷ ውስጥ ብቻ ነው።

ባለቤቱስ? ባለቤቱ ሌጎስ ነው። አላባ ገበያ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል እንበል። ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ሁለት ክፍል ተከራይቷል። ውሃ በጀሪካን ያስቀዳል። አከራዩ ኪራይ ሊጨምር ሲመጣ ይለማመጣል። እንግዲህ ይኼን ጀግና እንዴት አናደንቅም? እኛ የምንኖርበትን ቤት ስናሳምር ዕድሜያችንን ጨረስን። እሱ የማይኖርበትን አሳምሮ ተገላገለ።

ዲሴምበር ሲጋመስ እንቅልፍ የለም። ገና ማግሥት ላዲፖ ገበያ ሄዶ የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሌጎሳዊ የተቆለፈ ሱቅ ቆጥሮ ይመለሳል። የመስቀል ሰሞን መርካቶን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጉራጌው አገሩ ሲገባ መርካቶ እንዴት ጭር እንደሚል አስቡት። ያንን አባዙት። ክትፎውን በፍየል ሥጋና በጆሎፍ ሩዝ ለውጡት። እና ደግሞ የእነሱ ገና ከእኛ 13 ቀን ስለሚቀድም፣ እኛ ገና ዶሮ ስናማርጥ እነሱ ዕዳ መቁጠር ጀምረዋል።

የአውቶቡስ ዋጋ በዚያ ሰሞን ሰማይ ይነካል። የአውሮፕላኑንማ ተዉት። የሚቀር ግን የለም። ከሌጎስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያሻግረው፣ የአሳባና የኦኒቻ ከተሞችን የሚያገናኘው የኒጀር ወንዝ ድልድይ ከ1965 ጀምሮ ይኼን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሟል። ወንዙ አፋፍ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሰዓታት መቁጠር ለብዙ ዓመት የበዓሉ አካል ነበር። ሁለተኛው ድልድይ የተመረቀው በሜይ 2023 ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በዲሴምበር 2022 ለበዓል መንገደኛ ተብሎ ለጊዜው ተከፍቶ ነበር። መንግሥትን ከቀጠሮው ቀድሞ ሥራ የሚያስጀምር በዓል ሌላ የት አይታችኋል?

ሰውየው መንደሩ ሲደርስ ጥሩንባ ይነፋል። መኪናዋ የኪራይ ልትሆን ትችላለች። ይኼን መጠየቅ ነውር ነው። የኢግቦ መንደር ሰው ጨዋ ስለሆነ ገቢህ ስንት ነው አይልህም። ጎማህን ያያል። ሌጎስ ላይ ስሙ የማይታወቅ ነጋዴ እዚህ «ኦጋ» ይሆናል። «ኦጋ» ማለት የእኛን ጋሼና አለቃ አንድ ላይ ብትጨፈልቁ የሚወጣው ነው። የአጎት ልጁ በር ይከፍታል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ ጄኔሬተር ይቀሰቅሳል። የሶፋው ላስቲክ ይገፈፋል። ቪላው ነቃ።

ከዚያ ኮላ ይቀርባል፤ ለስላሳው አይደለም፣ የሚታኘክ መራራ የዛፍ ፍሬ ነው። ኮላ ሳይቆረስ ወግ አይጀመርም። ሳህኑ የዘመድ ተዋረድ ጠብቆ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱ ጋ ይመለሳል። ምርቃቱ በኢግቦኛ መሆን አለበት። «ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም» ይላሉ። ለንደን ሁለት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛው አፍንጫው ውስጥ የገባበት ዘመድ እዚህ ጋ አንገቱን ደፍቶ «ኢሴ» ይላል፤ አሜን እንደማለት ነው። ከበዓሉ ሁሉ እኔ ያለ ሽሙጥ የምወደው ይህችን ደቂቃ ነው።

ወደ ሽሙጡ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያኗ ባዛር አላት። አንድ ያም ለጨረታ ይወጣል። ያም ማለት ደቡቦቻችን ቦዬ የሚሉት ሥር ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋውን ሕፃን ያውቀዋል። ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ ግን ዓይኑን ወደ ኦጋችን ይወረውራል።

«ኦግቡኤፊ! ይኼን እያዩ ዝም ሊሉ ነው?»

ኦግቡኤፊ የማዕረግ ስም ነው። ሲተረጎም ላም የገደለ ማለት ነው። ሰውየው ይኼን ማዕረግ ይያዝ አይያዝ ማይክራፎኑ አይጨነቅም። ማዶ የተቀመጠው የልጅነት ጓደኛው ቀድሞ እጁን አንሥቷል። ያ ጓደኛው ደግሞ ድሮ በሒሳብ ይበልጠው የነበረ ነው። እንዴት ዝም ይበል? አንድ ጨመረ። ጓደኛው ደገመ። እሱ ሠለሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያሙ ማንም ቀቅሎ በማይደፍረው ዋጋ የእሱ ሆነ። ይዞት የሚሄድ መሰላችሁ? በደስታ ለቤተ ክርስቲያኗ መለሰው። ጨረታው እንደገና ተከፈተ። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተሸጦ ሳይበላ የሚያድር ምግብ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሠርጉም የሚታጨቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናት አንዱን ድግስ በልተህ አፍህን ሳትጠርግ ሌላው ጋ ትጠራለህ። ሙሽሪት የፓልም ወይን ጠጅ በዋንጫ ይዛ በሰው መሃል ባሏን ትፈልጋለች። ስታገኘው ተንበርክካ ታጠጣዋለች። ሙዚቃው ይነሣል፣ ናይራ ይበተናል። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ የ2007 ሕግ አንቀጽ 21 ናይራ መበተንንና እላዩ ላይ መጨፈርን ይከለክላል። ቅጣቱ ከ6 ወር የማያንስ እስራት፣ ወይም ከ50,000 ናይራ የማያንስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ሕጉ እንደተከበረ ነው። የአዳራሹ በር ላይ ግን ያልታጠፈ አዲስ ኖት ደርድረው የሚሸጡ ሰዎች ቆመዋል። ገንዘብ በገንዘብ ትገዛለህ፣ ላዩ ላይ ኮሚሽን ትከፍላለህ፣ ከዚያ ትበትነዋለህ። የሚለቅመው ልጅ ከረጢት ይዞ እግርህ ሥር ያጎነብሳል። በነገራችን ላይ፣ እኛም አዝማሪ ግንባር ላይ ብር የምንለጥፍ ሕዝቦች ስለሆንን ብዙ አንሳቅ።

ሟቾችም ይተባበራሉ። ኦክቶበር የሞተ ሰው፣ ዘመድ ሁሉ እስኪሰበሰብ በረዶ ቤት ተኝቶ ተራውን የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። በሕይወት ሳለ ለመድኃኒት ያልተገኘው ገንዘብ አንዳንዴ ለቀብሩ ላም ሆኖ ይመጣል። ይኼን እንኳ ማድነቅ አቃተኝ፤ ልለፈው።

መንገድ ላይ ደግሞ ጭምብል ያጠለቁ ማስከሬዶች አለንጋ ይዘው ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ንጉሡ ኢጄሌ ነው፤ ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2009 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝግቦታል። ኢጄሌን ለማሰናዳት መቶ ሰው ስድስት ወር ይለፋል ይባላል። ለኦጋችን ደንታም አይሰጠው። እሱን ለማሰናዳት አንድ ሰው ብቻውን አሥራ አንድ ወር ተኩል ለፍቷል፤ ራሱ።

እዚህ ጋ አላግጬ ላበቃ ነበር፤ አልሆነልኝም። እነዚህ ሰዎች ከ1967 እስከ 1970 በተካሄደው የቢያፍራ ጦርነት፣ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ሞክረው ተሸንፈው ያላቸውን ያጡ ናቸው። ባንክ የነበራቸው ስንትም ይሁን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ የተሰጣቸው 20 ፓውንድ ነው። ፖርት ሃርኮርት ከተማ የሠሩት ቤት «የተተወ ንብረት» ተብሎ ለሌላ ሆነ። በሰው ከተማ የተሠራ ቤት እንደማያዛልቅ የተማሩት ያኔ ነው። «አኩ ሩኦ ኡሎ» ይላሉ፤ ሀብት አገር ቤት ይድረስ። በዚህ ቃል ማን ይቀልዳል? የየመንደሩ ማኅበርም ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሠራው ዲሴምበር ላይ ሰው ሲሰበሰብ በሚወጣ መዋጮ ነው።

ደግሞም ቃሉ ተፈጽሟል። ሀብቱ አገር ቤት ደርሷል። ደርሶ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተኝቷል እንጂ። ጤና ጣቢያዋ ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ከእሷ ፊት ለፊት የኦጋ ፎቅ ላይ ስድስት መኝታ ቤት ባዶውን ያድራል። ጣሪያ ለሚያፈስባት ጤና ጣቢያ ማን ያጨበጭባል? አንበሳ የሌለው በር ማን ያያል?

ጃንዋሪ መጣ። እዩኝ እዩኝ ያለ፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። የአራት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ዕቃ ያበደረው አከፋፋይ ይደውላል፤ ኦጋ ስልኩን ፊቱን ደፍቶ ያስቀምጠዋል። ሻይ ቤት የሚቀመጠው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው። ማዶ የነበረው የልጅነት ጓደኛው ደግሞ ሌላ ገበያ ውስጥ እንዲሁ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

መንደር ያለው የአጎት ልጅ ሶፋውን መልሶ ላስቲክ ያለብሳል። መስኮት ይዘጋል፣ ጄኔሬተሩን ያጠፋል፣ የአንበሶቹን ፊት በጨርቅ ይጠርጋል። ወደ ሰርቪስ ቤቷ ሲገባ ስልኩ ጠራ። ኦጋ ነው።

«ደህና ገቡ፣ ኦጋ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ነን። ስማ፣ ያ ማዶ ያለው ሰውዬ አራተኛ ፎቅ ሊጀምር ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አሸዋ ሲያራግፉ አይቻለሁ።»

ትንሽ ዝም ተባለ።

«ሲሚንቶ ስንት ገባ?»