ሚዛኑን ካያችሁ ስኳሩንም እዩ

ጎንደር ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክብደት ሲጨምር ሁሉም ደስ ይለዋል። ነርሷም፣ ቤተሰቡም፣ ራሱም። ደስታው ይገባኛል። የከሳ ሰው ሁሉ «ይሄ ነገር ይዞት ይሆን?» እየተባለ ሲታማ የኖረበት ከተማ ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች የወሰዱት ስታቩዲን የሚባለውን ነበር። ብዙ ሰው ከሞት አተረፈ፤ ግን እየቆየ ሲሄድ የአንዳንዱን ጉንጭ አጎደጎደ፣ እግሩን አቀጠነ፣ ሆዱን ገፋ። ሰው ገና ከሩቅ በፊቱ ይለይ ነበር። ዛሬ ጉንጭ ሲሞላ «እሰይ!» የሚል ሰው አይፈረድበትም።

መወፈርን ሁሉ ጤና አድርጎ ማየት ግን መቅረት አለበት እላለሁ።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ የተጠቃለሉበትን ነው። በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ቫይረሱን ቶሎ ያወርዳል። ይህን አንብቦ ማንም እንዳያቋርጥ፣ አደራ! ነገር ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የወጡ የደቡብ አፍሪካና የካሜሩን ጥናቶች ዶሉቴግራቪር የወሰዱት ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ኢፋቪሬንዝ ከወሰዱት የበለጠ ክብደት እንደጨመሩ አሳይተዋል። በሴቶች ላይ ደግሞ ባሰ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ሰውነት ሲያገግም የሚመጡ ናቸው፣ ይምጡ። የኔ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ያሉት ናቸው፤ ወገብ ላይ የሚጠራቀሙት፣ ስኳርና ግፊት ይዘው የሚመጡት።

ደሙም ይለወጣል። ኢፋቪሬንዝ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ የሚባሉትን የደም ስቦች ከፍ ያደርግ ነበር፤ የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ብሏቸው ወደ ሁለተኛ መስመር የተዛወሩ ሰዎች የሚያውቁት ሎፒናቪር ደግሞ ትራይግሊሰራይዱን በደንብ ያወጣዋል። ዶሉቴግራቪር በስብ በኩል ይሻላል፣ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ስኳርን ድንገት ሲያሻቅብ ታይቷል። ክሪያቲኒንም፣ ማለትም ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ከፍ ይላል። ኩላሊቱ ሳይጎዳ ክሪያቲኒኑ የሚወጣበት መንገድ ስለሚጠብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቴኖፎቪር ግን በእርግጥም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላልና የትኛው እንደሆነ መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው። በሽተኛው ግን የምርመራ ውጤቱን ወረቀት ይዞ ብቻውን ሲጨነቅ ያድራል። ማን አስረዳው?

ምግባችንም አያግዝም። ጾም ነው፣ ቅቤ የለም እንላለን፣ ሽሮው ላይ ግን ዘይቱ ተንሳፍፎ ይቀርባል፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ጾሙ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ክሊኒክ ከመጣ በባዶ ሆድ የሚለካውን ስኳር ለመስጠት ዝግጁ ነው። ጣት ወግቶ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ደህና የሆነ ሰው በየስድስት ወሩ ነው መድኃኒት የሚወስደው። ለሥራውም ለትራንስፖርቱም ትልቅ እፎይታ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን ያቺ አንዲት ቀን ውድ ሆነች። ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ «አይታይም» ከተባለ እንኳን ደስ ያለህ ተብሎ ይሸኛል። ካለፈው ስድስት ኪሎ መጨመሩን አይቶ «ስኳርህን እንይ፣ ግፊትህን እንለካ» የሚል ሰው የግድ መኖር አለበት። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተበት ከተማ ለዚህ ባለሙያ አያጣም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ደግሞ ሁለት ካርድ ያለው ሰው ነው። የኤችአይቪ ካርዱን አንድ ጋ፣ የስኳሩን ሌላ ጋ ይይዛል፤ እዛ እንዳይታወቅበት ስለሚፈራ ቫይረሱን አይናገርም። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመከራል። ሐኪሙ ሳያውቅ ሁለት ሺህ ቢያዝስ? ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለዚያ ሐኪም ብቻ ንገሩት። ሐኪሞችም፣ ሜትፎርሚን ከማዘዛችሁ በፊት በሩን ዘግታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።