ማስተካከያ፦ የሙንክ «የታመመችው ልጅ» የእንጨት ህትመት አይደለም

ስለ ኖርዌጂያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ የታተመው ባለቀለም «የታመመችው ልጅ» በእንጨት ላይ የተቀረጸ ነው ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ሥራው ሊቶግራፍ፣ ማለትም የድንጋይ ህትመት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በድንጋይ ህትመት ምንም አይቀረጽም። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሣላል፤ ከዚያ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ይቀባል። ድንጋዩ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውሃ ይይዛል፤ የተሣለው ግን ውሃውን ገፍቶ የዘይት ቀለሙን ይቀበላል። አሲዱ ከበዛ ስስ ጭረቶች ይጠፋሉ፤ ድንጋዩ ከደረቀ ቀለሙ ባዶው ቦታ ላይም ይለጠፍና ህትመቱ ይጨማለቃል። በልጅቷ ፀጉር ዙሪያ የሚታየው የተበታተነ ጭረት የእርሳሱ ነው፤ መሮ እንዲህ አይንሸራተትም። ለየቀለሙ የተለየ ድንጋይ ስለሚገባ፣ ሙንክና አታሚው ኦገስት ክሎ ቀለም እየቀያየሩ ያንኑ ፊት አንዴ ቀይ፣ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ግራጫ አድርገው አውጥተውታል። ቀዩ፣ በእኛ ዓይን፣ ትኩሳቱን ያስነካል።

በዚያው ጽሑፍ «በመጋዝ የተቆረጠ» ያልነው ሌላውን የሙንክ ሥራ፣ የ1899ኙን የእንጨት ህትመት «ሁለት ሰዎች፤ ብቸኞቹ»ን ይመለከታል። እዚያ የሴቲቱ ምስል ከእንጨቱ ተቆርጦ ለብቻው ቀለም ይቀባና ይመለሳል፤ መጋጠሚያው ላይ ነጭ መስመር ይቀራል።

«በታመመችው ልጅ» ላይ የምትታየውም፣ በዚያው ጽሑፍ እንዳልነው የሙንክ እናት አይደለችም። እናቱ በ1868 ነው የሞቱት፤ ሥዕሉ የሚያስታውሰው በ1877፣ በ15 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችውን እህቱን ሶፊን ነው።